ጠምበለሉ እስኪያብብ

ከቤት የወጣሁ ሌሊት እናቴ ውሻችንን ከጎታው ሥር አስራ፣ አፉን በመቀነቷ ጠቅልላ ይዛው ነበር። በእኛ አገር፣ በላስታ፣ ሰው በክፉ ቀን ሲሰደድ ዶሮ ሳይጮኽ ነው የሚወጣው። ውሻ ከጮኸ ጎረቤት ይነቃል፤ ጎረቤት ከነቃ «እኔንስ ለማን ትተኸኝ ነው?» ይላል፤ ለዚህ ደግሞ መልስ የለም። ሁለት ክረምት ዝናብ ከድቶን ጎታው ባዶ ስለነበር፣ ውሻው በተወራጨ ቁጥር እንደ ከበሮ ያስተጋባል።

«አብረን እንሂድ» አልኳት ለመጨረሻ ጊዜ።

«በሶው የአንድ ሰው ነው።»

«እንካፈለዋለን።»

«ተካፍለነው ሁለታችንም ጋይንትን አናልፍም። በዚህ እግር ደግሞ...» አለችና ግራ እግሯን አየችው። ከልጅነቷ ጀምሮ ታነክሳለች። «ቤቱ ከተዘጋ መሬቱን የአጎቶችህ ልጆች አመዱ ሳይበርድ ይካፈሉታል። አንተ ሂድና አንዲት ጎጆ የምታርፍበት ቦታ ፈልግ። ስታገኝ ላክብኝ፤ እያነከስኩም ቢሆን እመጣለሁ።»

እንግዲህ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴን የማስገባበት ጎጆ የሚያርፍበት ቦታ። አገሩንም፣ ዝናቡንም፣ ጠምበለል የሚባለውን ባለ ሽታ ሐረግም የምነግራችሁ በዚሁ ምክንያት ነው። ላስታ ለቀራችሁም፣ እንደ እኔ በየአገሩ ለተበተናችሁም እጽፋለሁ፤ ማንበብ የማይችል ያስነብብ። ፊደል የቆጠርኩት ከመምህር ዘንድ ሳይሆን ከተገነጠሉ የዳዊት ቅጠሎች ላይ ብቻዬን ነው፤ አጻጻፌ ቢወላገድ አትፍረዱብኝ። ያየሁትን ግን እንዳየሁት አስቀምጣለሁ።

ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ ነው። ጋይንትንና ደብረ ታቦርን አልፌ ዓባይን ከባሕር ዳር ድልድይ ላይ እስክሻገር የበሶው አቁማዳ ተራግፎ፣ ተገልብጦ፣ ተልሶ አልቋል። ድልድዩ ላይ ጠመንጃ ያነገተ ዘበኛ አስቆመኝ።

«ወዴት ነህ?»

«ወደ ጎጃም።»

«ጎጃም ትልቅ ነው።»

«ዝናብ ወዳለበት።»

ሳቀ። «ዝናብ ካማረህስ ወደ ቡሬ ውረድ። እዚያ ሰው የሚሰደደው ዝናብ መርሮት ነው» አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር።

መራዊን አልፌ ዱርቤቴ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። አንዲት አህያ ከተቀደደ ጆንያ የፈሰሰ በቆሎ ትበላለች፤ ባለቤቷ አጠገቧ ቆሞ ስለ በሬ ዋጋ ያወራል። ዘወር ብሎ እንኳ አላያትም። እኛ ቤት ከመሬት ሳይለቀም የቀረ ፍሬ አይቼ አላውቅም። ቆሜ አህያዋን አየሁ፤ ገበያተኛው ደግሞ እኔን አየኝ። ሌላ አገር መግባቴን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው፤ ዓባይን ስሻገር አይደለም።

ቡሬ የደረስኩት ሰኔ ሲገባ ነው። ዘበኛው አልቀለደም። የእኛ አገር ዝናብ እንግዳ ነው፤ ሲመጣ ሁሉም ይነሣለታል፣ ሲሄድ ሁሉም ይሸኘዋል። የቡሬ ዝናብ የቤት ሰው ነው፤ ማንም አይነሣለትም፣ እሱም አይሄድም። ክረምቱን ሙሉ ልብሴ በቅጡ የደረቀበት ቀን የለም። ጭቃው እግር ይይዛል፤ ጉሙ ከረፋድ በፊት አይነሣም፤ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ሳሉ ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ፊቱ ይታያል። እንጀራቸው የዳጉሳ ነው፤ ጥቁርና ከበድ ያለ፤ ሆድ ይይዛል። እሱን ጠግቤ እየበላሁ የእናቴ የገብስ ቂጣ ይናፍቀኝ ነበር። የሚያሳፍር ናፍቆት ነው፤ እሷ ያን ጊዜ ያችኑ ቂጣ ታግኝ አታግኝ አላውቅም ነበርና።

ንግግራቸውም ለብቻው ትምህርት ይፈልጋል። ላስታ ውስጥ የቆሸሸን ሰው ቆሽሸሃል ይሉታል፤ አለቀ። እዚህ አንድ ሽማግሌ «አቤት ጠጉር! ስንቱን ቤተሰብ አስጠግተሃል!» ቢሉኝ እጅ ነስቼ አመሰገንኳቸው። ቅማሌን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ተጋድሜ ራሴን ሳክክ ነው።

የጎጆ ቦታ የሚጠየቀው ከጽሕፈት ቤት ነው ሲሉኝ ሄድኩ። ከጃንሆይ ፎቶግራፍ ሥር የተቀመጠው ጸሐፊ ብዕሩን እየጠረገ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

«አቅኚ አባትህ ማን ነው?»

በዚህ አገር ርስት የሚቆጠረው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው ጀምሮ ነው። ከዚያ ሰው አጥንት ያልተወለደ አንድ ክንድ መሬት አይደርሰውም።

«የለኝም ጌታዬ።»

«አባት የሌለው ሰው አለ እንዴ?»

«አባትማ ነበረኝ። እዚህ አላቀናም እንጂ።»

«ታዲያ እሱ ያቀናበት አትቀመጥም?»

«እዚያ ዝናብ የለም።»

«ዝናብ የዚህ ቢሮ ጉዳይ አይደለም። ዋስስ?»

«ማንንም አላውቅ።»

«የሚያውቅህ ሰው ከሌለ አንተ መሆንህን በምን እናውቃለን?»

«እኔ እኮ ነኝ።»

«እሱንማ ማንም ይላል» አለና ብዕሩን ቀለም ውስጥ ነከረ። ስወጣ ከኋላዬ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ባለ ርስት ሰው ቦታውን ከሰጠህና ዋስ ከሆነህ ተመለስ። እኛ ሰው አንጠላም!» አለኝ።

እሜቴ ውባለምን ያወቅኋቸው በአረም ምክንያት ነው። ከቡሬ ወጣ ብሎ ሰፊ ርስት ያላቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ አንደበታቸው ከምላጭ የሰላ ሴት ናቸው። ለምሳዬ ስል በቆሏቸውን ስኮተኩት ውዬ ለመሰናበት ወደ ደጃቸው ስጠጋ፣ በበሩ መቃን ላይ የተንጠለጠለ ሐረግ አየሁ።

«እሜቴ፣ ይህን አዞ ሐረግ ምነው ከደጅዎ አሳደጉት? ቆዳ ያቃጥላል እኮ።»

በሩን የሚጠብቀው አሽከራቸው እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን አሳየኝ። ውሃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ የዳነ ጠባሳ ነበረበት።

«ጠምበለል ነው ብሎ የተከለልኝ ሰው ምርቃቴን ተቀብሎ ሄዷል» አሉ እሜቴ ውባለም። «አንተ ከየት ነህ?»

«ከላስታ።»

«ላስቴ! ድንጋይ ትዘራላችሁ አሉ።»

«ድንጋዩም ቢሆን ዝናብ ይፈልጋል እሜቴ።»

ሊስቁ ብለው ተዉት። ግባ አሉኝና ነገሩን ነገሩኝ። እንጉዳይ የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻቸው። ፍኖተ ሰላም ተድራ በመጀመሪያ ወሊዷ ሞተች፤ ሕፃኑም አልተረፈም። ከዚያ ወዲህ እናቲቱ ራሳቸውን ተላጭተው በጥቁር ሻሽ እንደታሰሩ ናቸው። ልብሷን ለነዳያን ሰጥተዋል፣ ጌጧን ለቤተ ክርስቲያን። ከእሷ የቀራቸው እጅ የማይይዘው ነገር ነበር፤ በሠርጓ ማለዳ አንገቷን አቅፈው ሲሰናበቷት የነበረው የጠምበለል ሽታ።

«ፊቷ አልጠፋኝም» አሉኝ። «ሽታዋ ግን እየጠፋኝ ነው። ሌት ተቀን እፈልገዋለሁ፤ አይመጣም።» ወደ እኔ ዘወር አሉ። «ለመሆኑ ማን አለህ?»

«እናት አለችኝ፤ ላስታ ቀርታለች።»

«እንግዲያው ስማ። ጠምበለሉን ደጄ ላይ አሳድገህ ካሸተትኩት፣ ከወንዙ ወዲህ ካለው መሬቴ የጎጆ ቦታ እሰጥሃለሁ። ዋስም እሆንሃለሁ። እናትህን ታመጣለህ። አዞ ሐረግ ከሆነ ግን ከዚህ አገር ሳትሰናበተኝ ውጣ።»

ጠምበለልን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፤ እኛም ዘንድ ከምንጭ ዳር ይገኛል። በቡሬ ዙሪያ የት እንዳለ ያሳየኝ ግን አያ ፈንቴ ነው። በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ የአዊ ተወላጅ ገበሬ ነው፤ ከሚስቱ ከእታገኝ ጋር በአዊኛ ያወራል፣ በእኔ ላይ ደግሞ በአማርኛ ይቀልዳል። እርሻው ከቡሬ ወደ ጥልሊ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ከእርሻው በስተኋላ ጅረት ያለበት ሸለቆ አለ፤ በሸለቆው ውስጥ አንድ ያረጀ ወይራ፣ በወይራው ላይ ደግሞ እስከ ጫፍ የወጣ ጠምበለል።

ሰው አበባ በሌለበት ወራት የሚሳሳተው ሁለቱም ሐረግ ስለሆኑ፣ የሁለቱም ቅጠል ከአንጓው ፊት ለፊት ጥንድ ሆኖ ስለሚወጣ ነው። መለየት ለምትፈልጉ እንዲህ ነው። ጠምበለል ባንድ አገዳ ሦስት ቅጠል ይይዛል፤ የመካከለኛው ከሁለቱ ይበልጣል፤ ጠርዙ ለስላሳ፣ ፊቱ የሚያብረቀርቅ ነው። አዞ ሐረግ አብዛኛውን ጊዜ አምስት ይይዛል፤ ጠርዙ እንደ ማጭድ ጥርስ አለው። ጠምበለል ዛፍ ላይ የሚወጣው ራሱን ግንዱን እየጠመጠመ ነው፤ አዞ ሐረግ ግን በቅጠሉ አገዳ እንደ ጣት ጨብጦ ነው። ሁለቱም ነጭ ያብባሉ። የጠምበለል አበባ ግን ከሥሩ ቀጭን ቱቦ አለው፤ እንቡጡ ከውጭ በኩል ቀላ ይላል፤ ሲፈነዳ ኮከብ ይመስላል፤ ፍሬው ጥቁርና ብዙ ጊዜ መንታ ነው። አዞ ሐረግ ሲያፈራ የሽማግሌ ጢም የመሰለ ነጭ ጸጉር ያወጣል። የተጠራጠራችሁትን ቅጠል አሽታችሁ ወደ አፍንጫችሁ አታስጠጉ፤ አዞ ሐረግ ከሆነ ይልጣችኋል።

አያ ፈንቴ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ስመረምር ክንዱን አጣጥፎ ቆሞ ቆየና፣ «ምነው ወንድሜ፣ ልጅህን ልትድርለት ነው እንዴ ይህን ያህል አጥንቱን የምትቆጥር?» አለኝ።

ከወይራው ላይ የጠምበለሉን እርጥብ ቅርንጫፎች ቆርጬ፣ በአዞ ሐረጉ ምትክ ልተክላቸው ወደ እሜቴ ውባለም ደጅ ወሰድኩ። የላስታ ሰው ተክል ሲተክል ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ተክሉን ከጉድጓዱ ውስጥ ዝቅ አድርጎ ያቆመዋል፤ የወረደች ጠብታ እንዳታመልጥ ዙሪያውን በድንጋይ ይከባል። እኔም ይህንኑ አደረግሁ። እንዲያውም ከአገራችን ልማድ አስጠልቄ ቆፈርኩ፤ የእናቴ ጎጆ ጉዳይ ነውና። አያ ፈንቴ ለገበያ ሲያልፍ አየኝና አህያውን አቆመ።

«መቃብሩ የማን ነው?»

«ውሃ እንዲያቁር ነው።»

«ውሃ? በቡሬ? እኛ ሂድልን እያልን የምንማለደውን አንተ ተቀመጥ ብለህ ትለምናለህ?»

«ሐረግ ውሃ ይወዳል አያ ፈንቴ።»

«ሰውም ይወዳል። ግን አንገቱ ድረስ ገብቶ አይከርምበትም።»

አልሰማሁትም። ንቄው አይደለም፤ ውሃ ይበዛል የሚለው ነገር እላዬ ላይ እየዘነበም ሊገባኝ ስላልቻለ ነው። እኛ ዘንድ ተክል በጥማት ይሞታል፤ በሌላ ሲሞት አይቼ አላውቅም። ሐምሌን ቅርንጫፎቹ ለምልመው ቆሙ። ነሐሴ ላይ ከግርጌያቸው ጠቆሩ። ሲገባኝ መሸብኝ፤ አንዱን ስነቅለው ሥር የለውም፤ ልጣጩ እንደ በሰበሰ ገመድ ጣቴ ላይ ቀረ። ከጉድጓዱ ውስጥ አንዲት እንቁራሪት ወጥታ ሄደች።

እሜቴ ውባለም ከበረንዳቸው ሆነው አይተዋል።

«እንቁራሪቷ መቼ ነው የምታብበው?» አሉኝ።

የበሰበሱትን ቅርንጫፎች ሰብስቤ ጣልኩ። እሳቸውም አላባረሩኝም፤ «ከክረምቱ በኋላ እንይህ» ብለው ገቡ። በጥቅምት ለገና በዓል ወደ ላሊበላ የሚጓዙ ተሳላሚዎች ከጅጋ ተነሥተው በቡሬ በኩል ሲያልፉ አገኘኋቸው። የእናቴን መንደር ነግሬ ለእሷ የሚያደርሱት መልእክት ሰጠኋቸው። «ቦታ የሚሰጡኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ ግን ተክሉ ሞተብኝ። ሌላ ክረምት ጠብቂኝ በሏት» አልኳቸው። አንደኛዋ ሴት ቃሌን ደጋግማ አጠናችው። የሚያጽናና መልእክት መስሎኝ ነበር።

በዚያው ወር ወደ አያ ፈንቴ ሸለቆ ተመለስኩ። ከወይራው ሥር ያለውን ቅጠላ ቅጠል ስገልጥ፣ ወድቆ መሬት ላይ የተንጋለለ አንድ የጠምበለል ቅርንጫፍ ስቤ ላነሣው ብል እምቢ አለኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ አንጓው አፈር በነካበት ቦታ ነጭ ሥር ሰዷል። ከእናቱ ግንድ አልተቆረጠም፤ ከሷ እየጠጣ ነው ለራሱ ሥር ያወጣው። ያን ቀን ከዚያ ሳልነሣ ዋልኩ። ረጃጅሞቹን ቅርንጫፎች ወደ መሬት ጎነበስኳቸው፤ አንጓቸውን ከታች በኩል በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁና አፈር አለበስኳቸው፤ እንዳይነሡ በባላ ቸንከርኳቸው፤ ጫፋቸውን ግን ብርሃን እንዲያይ ወደ ላይ አቀናሁት። በጋውን ሙሉ ከጅረቱ በቅል እየቀዳሁ አጠጣኋቸው፤ አፈሩ እንዲርስ ያህል ብቻ። ቀን የእሜቴ ውባለምን እህል እያጨድኩና እየወቃሁ፣ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ወደዚያ እሄድ ነበር። ተሳላሚዎቹ ከገና በኋላ በሌላ መንገድ ተመልሰው ኖሮ አላገኘኋቸውም። ከላስታ ቃል አልመጣም። ክፉ ወሬ ፈጥኖ ይደርሳል ሲባል ስለምሰማ፣ ዝምታውን ለደኅና ወሰድኩት።

ሰኔ ሲገባ ከእናታቸው ለየኋቸው። ሥራቸው እንደ ጺም ጥቅጥቅ ብሏል። በእሜቴ ውባለም ደጅ አፈር ከምሬ በጉብታው ላይ ተከልኳቸው፤ ውሃው ወደ ታች እንዲወርድ ዙሪያውን ቦይ አወጣሁ።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለኝ አያ ፈንቴ ሲያልፍ። «አሁን ጎጃሜ ሆንክ፤ ውሃ ታባርራለህ።»

ያን ክረምት ሐረጉ የበሩን መቃን ይዞ ወጣ። ኅዳር ላይ እንቡጥ አየሁ፤ ከውጭ ቀላ ያለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የመጀመሪያዎቹ ፈነዱ፤ ሽታው በደጁ ላይ ወረደ። አሽከሩ ሮጦ እሜቴ ውባለምን ጠራቸው። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። በሐሳቤ የጎጆዬን ምሰሶ እያቆምኩ ነበር።

እሜቴ ውባለም ቀረብ አሉ። ዓይናቸውን ጨፍነው አሸተቱ። እንደገና አሸተቱ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና «አይደለም» አሉ።

«እሜቴ፣ ጠምበለል ነው። ቅጠሉን ይመልከቱ፣ ሦስት ነው። ቱቦውም...»

«ቅጠሉን አልጠየቅሁህም።»

«ከአያ ፈንቴ ሸለቆ ነው ያመጣሁት። አዞ ሐረግ ቢሆን...»

«አዞ ሐረግ ነው አላልኩም። ጥሩ ሽታ ነው። የልጄ ሽታ አይደለም» አሉኝና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ስበው ገቡ።

እውነቱን ንገረን ካላችሁ ተናደድኩ። የማውቀውን ምልክት ሁሉ ቆጥሬ ትክክል የሆነ ነገር አምጥቼ፣ ትክክል መሆኑ ምንም አልጠቀመኝም። ከአዘነ ሰው ጋር በምን ምስክር ትከራከራላችሁ? በማግሥቱ ወደ አያ ፈንቴ ቤት ሄጄ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ነገሩን ነገርኳቸው። አያ ፈንቴ ራሱን ነቀነቀ፤ እታገኝ ግን እጇን ከሊጡ አውጥታ አየችኝ።

«አበባውን እንዲሁ አስሸተትካቸው?»

«ታዲያ እንዴት ላስሸትታቸው?»

«ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ! ሙሽራ ሐረግ ተጠምጥሞባት ትሄዳለች እንዴ?» አለችኝ። «የእንጉዳይን ራስ ለሠርጓ የቀባን እኛ ነን፤ እኔና እኅቴ። እዚህ አገር ለሙሽራ ጠምበለሉ በለጋ ቅቤ ውስጥ ያድራል። ቅቤው ነው የሚሸተው። ቅቤውም የእሷ ጠጉር ሲነካው ነው የሚሸተው።»

በእኛ አገር እንዲህ ያለ ልማድ የለም፤ ለራስ የሚተርፍ ቅቤም አልነበረንም። እታገኝ አስተማረችኝ። ለጋውን ቅቤ አሬራው እስኪለቅ በቀዝቃዛ ውሃ ማጠብ። ምሽት ላይ የፈነዳውን አበባ ብቻ፣ ያለ ቅጠል፣ ያለ አገዳ፣ መልቀም። አበባውን በቅቤው ፊት መደርደር እንጂ አለማሸት። በኮባ ቅጠል ከድኖ ማሳደር። በማግሥቱ የጠወለገውን አንሥቶ አዲስ መደርደር፤ ቅቤው ራሱ አበባ አበባ እስኪል ድረስ። ሲደርስ በትንሽ ሸክላ አድርጌ ለእሜቴ ውባለም አቀረብኩ። ምን እንደሆነ አልነገርኳቸውም።

ክዳኑን አነሡ። ወደ አፍንጫቸው ሳያስጠጉት ሸክላውን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ሻሻቸውን ፈቱት። ጠጉራቸው አጭርና ሽበት ነበር። ቅቤውን በሁለት ጣታቸው ወስደው መሀል አናታቸው ላይ አደረጉ፤ ሲቀልጥ በግንባራቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም።

«መጣሽ?» አሉ። ለእኔ አልነበረም። ወጥቼ ከበሩ ውጭ ቆየሁ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፃቸውን አጥርተው ጠሩኝና፣ «ነገ ካስማህን ትከል» አሉኝ።

በማግሥቱ ከእኔ ጋር ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሄዱ። ያው ጸሐፊ ከወንበሩ ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ እኔንም አየኝና «አሁን አንተ መሆንህ ታወቀ» አለኝ። ጎጆዋን ከወንዙ ወዲህ ሠራኋት። ደፏን ለእናቴ እግር ብዬ ከመሬት እኩል አደረግሁት፤ አያ ፈንቴ «ጎርፉም እንዳያነክስ አስበህለት ነው?» ቢለኝም ቦይ አወጣሁ እንጂ አልቀየርኩትም።

የቀረው እሷን መጥራት ነው። በጭነት መኪና ሾፌሮች ቅብብል፣ ወልድያ ገበያ ለሚነግደው ለአጎቴ ልጅ ለሞላ የገና ማግሥት ስልክ ቤት እንዲጠብቀኝ መልእክት ላክሁለት። እኔም በዚያው ቀን ፍኖተ ሰላም ወረድኩ። በሕይወቴ ስልክ ይዤ አላውቅም። የስልክ ቤቱ ሠራተኛ እጀታውን ሰጠኝና «ጩኽ፤ ሩቅ ነው» አለኝ።

«ስልኩ አይሰማም?»

«ስልኩስ ይሰማል። ሰው ነው የማይሰማው። የላይኛውን ወደ ጆሮህ! ገልብጠህ ይዘኸዋል!»

መስመሩ እንደ ክረምት ወንዝ ይጮኻል። ከውስጡ የአጎቴ ልጅ የሞላ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

«ሞላ! ቦታ ተሰጠኝ! ጎጆም ሠርቻለሁ!»

«እሰይ! እሰይ ወንድሜ!»

«እናቴን መኪና ላይ አሳፍርልኝ! ባሕር ዳር ድረስ መጥቼ እቀበላታለሁ!»

ወንዙ ብቻ ጮኸ።

«ሞላ! እናቴን አልኩህ!»

«አንተ ጋ አይደለችም እንዴ?» አለኝ።

ሠራተኛው ፊቴን አይቶ ብዕሩን አስቀመጠ።

«ያምና ገና ነው እኮ» አለ ሞላ። «ተሳላሚዎቹ መጡ። ሌላ ክረምት ጠብቂኝ ብሏል አሏት። እሷም ‹እኔ ሌላ ክረምት የለኝም› አለች። ጥምቀት ባለፈ በማግሥቱ ቤቱን ዘግታ ወጣች። ደርሳ አብራችሁ ያላችሁ መስሎን...»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዋን። ቡሬ በየት ነው ብላ መንደሩን ሁሉ ጠየቀች፤ የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ፀሐይ ወደምትገባበት ነው አልናት።»

ሌላም ነገር ይል ነበር፤ መስመሩ ዋጠው። ሠራተኛው እጀታውን ከእጄ ቀስ ብሎ ወሰደ። አንድ ዓመት ሊሞላ ነው ማለት ነው። እኔ በሸለቆው ውስጥ በቅል ውሃ ሳጠጣ እሷ መንገድ ላይ ነበረች።

እሜቴ ውባለም ሲሰሙ ስንቅ አስቋጠሩልኝ፤ «ሂድ፤ ቦታህን ማንም አይነካውም» አሉኝ። ዱርቤቴ፣ መራዊ፣ ባሕር ዳር ጠይቄያለሁ። ከድልድዩ ማዶ እስከ ደብረ ታቦር ድረስ በየደጀ ሰላሙ ጠይቄያለሁ። አንዲት የምታነክስ ሴት አየን ያለኝ አለ፤ ቀኝ እግሯን ነው አለኝ። የእንግዳ መቃብር ያሳዩኝም አሉ፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ክረምቱ ሲገባ ተመልሼ እዚህ ነኝ፤ ጎጆዋን ዝናቡ እንዳያፈርሳት። ዝናቡ ሲያባራ እንደገና እወጣለሁ።

እናቴ አጭር ናት፣ ግራ እግሯን ትጎትታለች፣ ስትናገር አትቸኩልም። መንገድ ጠያቂ ስለሆነች ካገኘችው ሰው ሁሉ ሳትነጋገር አታልፍም። ስለዚህ ከእናንተ አንዱን ማግኘቷ አይቀርም። ቡሬ በየት ነው ብላ የጠየቀቻችሁ ሴት ካለች፣ በየት በኩል እንደመራችኋት ላኩብኝ።